«ልኬልሃለሁ»፦ ያገለገለ ዕቃ በኦንላይን ሲሸጥ ሻጩ እንዴት ይታለላል?

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጥሩ ደንበኛ ነው። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ይደውላል፤ በትሕትና ያናግራል፤ ዋጋ ላይ ብዙ አይከራከርም። «ማቀዝቀዣው ለእናቴ ነው፤ ዛሬውኑ ቢደርስላት ደስ ይለኛል» ይላል። አመሻሽ ላይ ግን ራሱ አይመጣም፤ ሹፌርና ሁለት ተሸካሚዎች ይልካል። ዕቃው ይሰካል፣ መሥራቱ ይታያል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ «በቃ ልኬልሃለሁ፤ ስክሪንሾቱን እይ»። ምስሉ ይደርሳል። የባንኩ ዓርማ፣ የሻጩ ሙሉ ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ የብሩ መጠን፣ ሰዓቱ ሳይቀር ሁሉም በቦታው ነው። ከባንኩ የሚጠበቀው አጭር መልእክት ግን የለም። «ኔትወርክ ተጨናንቆ ነው። እኔ ጋ ተቆርጧል፤ አሁን ይገባልሃል» ይላል ገዢው። ሹፌሩ መኪናው መንገድ ዘግቷል ብሎ ያጣድፋል፤ ተሸካሚዎቹ ማቀዝቀዣውን ደረጃው ላይ አድርሰውታል። ሻጩ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሰዎቹን ያያል። «እሺ፣ ውሰዱት» ይላል።

ብሩ አይገባም፤ መጀመሪያውኑም አልተላከም ነበር። የገዢው ስልክ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዝግ ነው። ሹፌሩ ቢገኝ እንኳ «እኔ በስልክ ታዝዤ የመጣሁ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

ስለ ኦንላይን ማጭበርበር ሲወራ የምናዝነው በአብዛኛው ለገዢው ነው፤ ገንዘብ ልኮ ዕቃው ለቀረበት፣ አዲስ ስልክ ብሎ ባዶ ካርቶን ለተቀበለው። ሻጩ ዕቃውን በእጁ ስለያዘ የሚሰጋበት ነገር ያለ አይመስለውም። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ዕቃ አንዴ ከበር ከወጣ አይመለስም፤ ገንዘቡ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው እንደ ወሬ ነው፤ ምስል፣ መልእክት፣ ኢሜይል ወይም የስልክ ድምፅ ሆኖ። ሻጩ ላይ የሚሠራ ማጭበርበር በየአገሩ መልኩን ቢለዋውጥም ሥሩ አንድ ነው፤ የክፍያን ወሬ ክፍያ ማስመሰል።

ሦስተኛው ሰው የጠፋበት ገበያ

ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልዋጭ እያለ በየሠፈሩ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ሳህንና ባልዲ ይሰጣል። «ቆራሌው» የሚለው ድምፅ ደግሞ ጠርሙስና ቆርቆሮ ያለውን ሁሉ ወደ በር ያወጣል። መርካቶ ምን አለሽ ተራ የወለቀ፣ የተሰበረ፣ የዛገ ነገር ሁሉ ዳግም ዋጋ የሚያገኝበት ቦታ ነው። በእነዚህ ሁሉ ግብይቱ እጅ በእጅ ነው፤ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል፣ ሁለቱም በዚያው ይለያያሉ።

ዕቃው ከበድ ሲል፣ ማለትም መኪና፣ ቤት፣ የንግድ ዕቃ ሲሆን፣ ሦስተኛ ሰው ይገባል። ደላላው በኮሚሽኑና በምላሱ ምክንያት ብዙ ይታማል፤ ነገር ግን የሚቀመጥበት ሻይ ቤት ይታወቃል፣ ስሙ በአካባቢው አለ፣ ነገ ተመልሶ እዚያው መሥራት አለበት። ምስክሩ ፊርማውን ያኖራል፤ ዋሱ ንብረቱን ያሲዛል። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት ነገር ቢኖር ተጠያቂነትን ነው፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች የሚተማመኑት በእነሱ በኩል ነው።

ስልኩ ይህን ሦስተኛ ሰው አስቀረው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ተከተለው። ዛሬ የቴሌብር ተመዝጋቢዎች ከ50 ሚሊዮን በልጠዋል፤ የባንክ መተግበሪያ ያለው የከተማ ነዋሪም ጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር እየተወ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ክፉኛ ሲወርድ፣ ከውጭ የሚገባ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ዋጋው ሰማይ ነካ። በዚህም ምክንያት ያገለገለ ዕቃ የሚፈልገው ሰው በዛ፤ ቤቱ ያለውን ዕቃ ወደ ገንዘብ ለመለወጥ የሚያስበውም እንዲሁ። ጂጂን በመሰሉ የማስታወቂያ መድረኮች፣ በፌስቡክ ገጾችና ቁጥር ስፍር በሌላቸው የቴሌግራም ቻናሎች ላይ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው ሁሉ ለአንድ ቀን ነጋዴ ይሆናል። አጭበርባሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ሰው ነው። የሱቅ ባለቤት በቀን ብዙ ክፍያ ስለሚቀበል ዓይኑ ለምዷል፤ በዓመት አንዴ አንድ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግን እውነተኛ ደረሰኝ ምን እንደሚመስል እንኳ በወጉ አያስታውስም።

ሌላው ዓለም ይህንኑ ክፍተት ቀድሞ አይቶታል። ኢቤይ የተባለው የጨረታ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት መጀመሪያ የተሸጠበት ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር በሚቀጥለው ዓመት ገዢና ሻጭ አንዱ ስለሌላው አስተያየት የሚጽፉበትን ሥርዓት ጨመረ፤ የዚያን ጊዜው መፍትሔ የሻጩን ስም በአደባባይ ማኖር ነበር። ቻይና ውስጥ ደግሞ ታኦባዎ የተባለው ገበያ ሰዎች ስላልተማመኑበት ግብይቱ አልራመድ ብሎት ነበር። አሊፔይ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው፤ ገንዘቡ በመሐል አደራ ይቀመጣል፣ ገዢው ዕቃው ደርሶኛል ሲል ለሻጩ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው ዕቃ ያገለገለ ካሜራ ነበር። ሻጩ ጃፓን ያለ፣ ገዢው ሺያን ከተማ የሚማር፣ ዋጋው 750 ዩዋን። አስተያየቱም አደራውም ሦስተኛውን ሰው በሌላ መልክ መልሰው ያመጡ ናቸው። አብዛኛው የቴሌግራም ሽያጭ ግን ከሁለቱ አንዱንም ሳይዝ የሚካሄድ ነው። በፊት ደላላው፣ ምስክሩና ዋሱ የቆሙበት ቦታ ላይ አሁን ያለው ስክሪንሾት ብቻ ነው።

የሐሰት ደረሰኝ አሠራር

የሐሰት ደረሰኝ ለመሥራት ልዩ ችሎታ አያስፈልግም። አንዱ መንገድ አሮጌ እውነተኛ ደረሰኝ ወስዶ ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን በፎቶ ማስተካከያ መቀየር ነው። ሌላው የባንኩን ወይም የቴሌብርን ገጽታ አስመስሎ በተሠራ መተግበሪያ ላይ የተፈለገውን ስምና ቁጥር ማስገባት ነው፤ ይህ ሲሆን አጭበርባሪው በሻጩ ዓይን ፊት «ሲልክ» ሊታይ ይችላል። በዓይን ያዩት ነገር ማስረጃ የማይሆንበት ጊዜ ላይ ደርሰናል።

አጭር መልእክትም እንዲሁ ይመሰላል። ቀላሉ ዘዴ የባንኩን መልእክት ቃል በቃል ቀድቶ ከተራ የሞባይል ቁጥር መላክ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ የንግድ ባንክም በባንኩ ስም ይመጣል፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ቁጥር የመጣ «የባንክ» መልእክት ያለ ተጨማሪ ምርመራ ውሸት ነው። ይሁን እንጂ በላኪ ስም ብቻ መተማመንም አይበቃም። የላኪን ስም አስመስሎ መልእክት መላክ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ፤ ስልኩ ደግሞ መልእክቶችን በላኪው ስም ስለሚሰበስብ ሐሰተኛው ከእውነተኞቹ ሥር ተደርድሮ ይገኛል።

በጣም ስስ የሆነው ዘዴ ግን እውነተኛ ብር የሚላክበት ነው። ዋጋው 45,000 ብር ከሆነ አጭበርባሪው 450 ብር በእርግጥ ይልካል። የሻጩ ስልክ ይጮኻል፤ መልእክቱ ከትክክለኛው ላኪ ነው፤ የገዢው ስምም አለበት። ዕቃ እየተጫነ፣ ሰው እያወራ፣ ልጅ እየጠራ ባለበት ሰዓት ዜሮዎቹን ቆሞ የሚቆጥር ጥቂት ነው።

መከላከያው አንድ ነው፤ ቀላልም ነው። ደረሰኝ አይመረመርም፤ ሒሳብ ይታያል። ሻጩ የራሱን መተግበሪያ ራሱ ከፍቶ፣ ወይም ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# ደውሎ፣ ቀሪ ሒሳቡ ከሽያጩ በፊት ከነበረው በዕቃው ዋጋ ልክ ማደጉን ያያል። ስለዚህ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ቀሪ ሒሳብን አይቶ ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። በገዢው ስልክ ላይ የሚታይ ማንኛውም ነገር፣ ገዢው የላከው ማንኛውም ሊንክ፣ «የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አናግረው» ብሎ የሚያቀርበው ማንኛውም ሰው ማስረጃ አይደለም።

«ሲስተም የለም» እና ይሉኝታ

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎችም ይታለላሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ መዘግየት መኖሩ ነው። ባንክ ቤት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ የተላከ ብር ከላኪው ተቆርጦ ለተቀባዩ ሳይደርስ ሲንጠለጠል ያየ ብዙ ነው። አጭበርባሪው አዲስ ውሸት መፍጠር አላስፈለገውም፤ ሁላችንም በየቀኑ የምንለውን ሰበብ ተዋሰ። ስለዚህ «ኔትወርክ የለም» ሲባል መልሱ «ውሸትህን ነው» መሆን የለበትም፤ ምናልባት እውነቱን ሊሆን ይችላል። መልሱ «እንግዲያው እስኪመጣ አብረን እንጠብቅ» ነው። እውነተኛ ገዢ ብሩ ከሒሳቡ ተቆርጦበት ዕቃውን ትቶ አይሄድም። አጭበርባሪው ግን ጊዜ ጠላቱ ነው፤ ሰበብ ፈጥሮ ይነሣል።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ሰው ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡና ቀርቦለት፣ «እናቴ» ብሎ አውርቶ ሳለ «ብርህ አልገባም፤ ዕቃዬን መልስ» ማለት ከባድ ነው። አጭበርባሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። «አታምነኝም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ለዚህ ነው። ጥያቄው ስለ ብሩ ሳይሆን ስለ ሻጩ ጨዋነት ስለሚሆን፣ ሻጩ ጨዋነቱን ለማስመስከር ዕቃውን ይለቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት በየቤቱ ይታወቃል፤ በተግባር ግን መጠርጠርን እንደ ነውር የቆጠርንባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

ሰዓቱም በዘፈቀደ አይመረጥም። አመሻሽ፣ እሑድና የበዓል ዋዜማ ይመረጣሉ፤ ቅርንጫፉ ዝግ ነው፣ የሚጠየቅ የለም፣ ሰው ይጣደፋል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፦ ዋጋው ከበድ ያለ ዕቃ የሚሸጠው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ይሁን። ከተቻለ ስልክና ላፕቶፕን የመሰለ ዕቃ ከነሳጥኑ ተይዞ ሻጩ ሒሳብ ባለበት የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ይሸጥ። ገዢው በመስኮት ገቢ ያድርግ ወይም ያስተላልፍ፤ ገንዘብ ከፋዩ ይመስክር። ጥሬ ገንዘብም ቢሆን እዚያው ተቆጥሮ ስለሚገባ የሐሰት ኖት ስጋት አብሮ ይቀራል። የጠፋው ሦስተኛ ሰው በነጻ የሚገኝበት ቦታ ይኸው ነው።

ተቀባዩን ከፋይ ማድረግ

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ደግሞ ትንሽ ይለያል። እዚያ ሻጩ ሐሰተኛ ደረሰኝ ከማየት ይልቅ «ገንዘብህን ለመቀበል» አንድ ነገር እንዲያደርግ ይጠየቃል።

ግሩፕ አይቢ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት «ክላሲስካም» ብሎ የሰየመው ወንጀል እ.ኤ.አ. በ2019 ሩሲያ ውስጥ ታየ፤ በአጭር ጊዜም አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ጨምሮ በብዙ አገሮች ተሰራጨ። አጭበርባሪዎቹ የሚደራጁት በቴሌግራም ነው፤ እዚያው ያለ ቦት የሚባል ፕሮግራም የታወቀ የገበያ ድረ ገጽ ወይም የዕቃ አድራሽ ድርጅት የሚመስል ሐሰተኛ ገጽ በሰከንዶች ውስጥ ይፈጥርላቸዋል። ኢሴት የተባለው የስሎቫኪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን «ቴሌኮፒዬ» ብሎ አጋልጧል። በእነሱ ቋንቋ የሚታለለው ሰው «ማሞት» ይባላል፤ ሲመርጡትም በገበያው ላይ ያለውን ልምድ፣ የተሰጠውን አስተያየትና ያጠናቀቀውን ሽያጭ ያያሉ። አዲስ ሻጭ ተመራጭ ማሞት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዱባይ ዱቢዝል ላይ ሶፋ፣ በእስራኤል ያድ ሽታይም ላይ የሕፃን ጋሪ፣ በጀርመን ክላይንአንሳይገን ላይ ብስክሌት ለሽያጭ የወጣ እንደሆን «ገዢው» ከመድረኩ ወደ ዋትስአፕ ይስባል። «በመድረኩ በኩል ከፍያለሁ፤ ዕቃ አድራሹም ይመጣል፤ ገንዘብህን በዚህ ሊንክ ተቀበል» ይላል። ገጹ የሻጩን ዕቃ ፎቶና ዋጋ ይዟል። «ተቀበል» የሚለውን የነካ ሰው የካርድ ቁጥሩን፣ በጀርባው ያሉትን ሦስት አኃዞች፣ ከዚያም በስልኩ የደረሰውን ኮድ ይጠየቃል። ገንዘቡ ይወጣል እንጂ አይገባም። «ስህተት ተፈጥሯል፤ ተመላሽ እንዲደረግልህ እንደገና ሙላ» ተብሎ ሁለተኛ ጊዜ የሚዘረፍም አለ።

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ላለው ሻጭ የተለመዱት ሦስት ናቸው። አንዱ ከዋጋው በላይ የተጻፈ ቼክ ነው፤ «ትርፉን ለጭነት ሠራተኛው ላክለት» ይባላል። ባንኩ የቼኩን ገንዘብ በአንድ ሁለት ቀን ሊለቅ ይችላል፤ ቼኩ ሐሰት መሆኑ ግን ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለዕዳው ሻጩ ነው። ሁለተኛው ዜል በተባለው የገንዘብ መላኪያ አገልግሎት ስም የሚመጣ ኢሜይል ነው፤ «ክፍያህ እንዲለቀቅ ሒሳብህን ወደ ንግድ ሒሳብ አሳድግ፤ ገዢው 300 ዶላር ጨምሮ ልኳል፤ መልስለት» ይላል። ሦስተኛው የብዙ ሰው ግራ መጋባት ምንጭ ነው፤ ገዢው «እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ፤ ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ ልኬልሃለሁ፤ ንገረኝ» ይላል። ኮዱ የጎግል ቮይስ ነው፤ አጭበርባሪው በሻጩ ቁጥር የራሱን የስልክ መስመር ይከፍትበትና ቀጣዩን ሰው በዚያ ያታልላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

አዲስ አበባ ላይ የዚህ አቻው የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነው። ኮዱን የሰጠ ሰው አካውንቱን ያጣል፤ በማግሥቱ በእሱ ስም ለዘመድ አዝማድ «ብር አበድሩኝ» የሚል መልእክት ይላካል። ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ከዚህ በእጅጉ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። ገንዘብ ለመቀበል የሚያስፈልገው የሒሳብ ቁጥር ወይም ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ፒን፣ ኮድ፣ የካርድ ጀርባ ቁጥር፣ «የማስለቀቂያ ክፍያ» የጠየቀ ሁሉ ሊወስድ እንጂ ሊሰጥ አልመጣም።

ብሩ ገብቶም ሲያነካካ

አንዳንዴ ብሩ በእርግጥ ይገባል፤ ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። አጭበርባሪው ከሻጩ ማስታወቂያ ላይ የላፕቶፑን ፎቶ ወስዶ በሌላ ቻናል በርካሽ ይለጥፈዋል። አንድ ሌላ ሰው ይወደዋል። አጭበርባሪው ለዚያ ሰው የእውነተኛውን ሻጭ የሒሳብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለሻጩ ደግሞ «ወንድሜ ብሩን ይልክልሃል፤ እኔ ዕቃውን እወስዳለሁ» ይላል። ብሩ ገባ፤ ሻጩ ላፕቶፑን አስረከበ። ከቀናት በኋላ ብር የላከው ሰው ዕቃው ሳይደርሰው ቀርቶ ፖሊስ ጋ ሲሄድ በማስረጃው ላይ የሚገኘው ስም የሻጩ ነው፤ ሒሳቡም ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ የላኪው ስም ከፊት ከቆመው ገዢ መታወቂያ ጋር የማይገጥም ከሆነ ዕቃ አይሰጥም፤ ላኪው ራሱ ተደውሎለት ምን እየገዛ እንደሆነ ይጠየቃል።

«በስህተት ብር ልኬብሃለሁ፤ እባክህ መልስልኝ» የሚለው ልመናም ከዚሁ ወገን ነው። መጀመሪያ ሒሳብ ይታይ፤ ያልገባ ብር አይመለስም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ደዋዩ ወደሚሰጠው አዲስ ቁጥር አይላክም፤ ለባንኩ ተነግሮ በመጣበት መንገድ እንዲመለስ ይደረጋል።

መኪና፣ ሲፒኦ፣ ቀብድ

በትልቅ ዕቃ ላይ ስጋቱ ወረቀት ላይ ይወጣል። ሲፒኦ የሚባለው የባንክ ክፍያ ማዘዣ የባንክ ዋስትና ያለው በመሆኑ ብዙ ሻጭ እንደ ጥሬ ገንዘብ ያየዋል፤ ወረቀቱ ግን ሊመሰል ይችላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሲፒኦውን ለራስ ባንክ አስገብቶ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ መፈረም ነው። «ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ውል ላይ ገንዘቡ ሳይገባ የፈረመ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ ፈርሟል።

ቀብድ የተቀበለ ሻጭም ግዴታ ገብቷል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካልፈጸመ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የተሻለ ዋጋ ያቀረበ ሰው ሲመጣ ቀብድ የሰጠውን መተው ርካሽ ነገር አይደለም።

ስልክና ኮምፒዩተር ሲሸጥ ደግሞ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር አለ። ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ ይወጣል፤ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ ይጠፋል፤ የጎግል ወይም የአፕል አካውንት ይወጣል፤ ከዚያ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። *#06# ሲደወል የሚወጣው መለያ ቁጥር፣ የገዢው ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ቀኑና ዋጋው በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱ ቢፈርሙበት፣ ስልኩ ነገ ወንጀል ቢሠራበት ሻጩ የሚያቀርበው መልስ አለው። ሐቀኛ ገዢም ዕቃው የተሰረቀ እንዳልሆነ የሚያሳይበት ወረቀት ስለሚያገኝ በዚህ አይከፋም።

ከሆነ በኋላ

የተታለለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ ለአጭበርባሪው ደጋግሞ ደውሎ መሳደብ ነው። ይህ የሚያተርፈው ማስረጃ ማጥፋትን ነው፤ አጭበርባሪው ንግግሩን ከሁለቱም ወገን ይሰርዘዋል፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ስለዚህ ከምንም በፊት ንግግሩ፣ የአካውንቱ ስም፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ሐሰተኛው ደረሰኝ፣ የመኪናው ታርጋ ይቀረጽ። የባንክ ምስጢር ወይም ኮድ ተሰጥቶ ከሆነ ወዲያው ባንክ ተደውሎ ሒሳቡ ይታገድ፤ እዚህ ላይ ደቂቃ ዋጋ አላት። ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 በማታለል የሚገኝ ጥቅምን ይቀጣል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 ደግሞ አሳሳች ዳታ በማሰራጨት ወይም ማንነትን አስመስሎ በመቅረብ ሰውን ለጉዳት መዳረግን በቀጥታ ይመለከታል። ችግሩ ብዙ ሰው አለመክሰሱ ነው። አንዱ «ለአንድ ስልክ ብዬ ስመላለስ ልኑር?» ይላል፤ ሌላው መታለሉን ለቤተሰቡ ለመንገር ያፍራል። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚሠራ ሰው በአንድ ዕቃ አይቆምም፤ ተመሳሳይ ስልክ፣ ተመሳሳይ ሹፌር፣ ተመሳሳይ አነጋገር በሦስት አቤቱታ ላይ ሲገናኝ ነው ጉዳዩ ክር የሚኖረው።

ጥንቃቄን ደንብ ማድረግ

ሸክሙን ሁሉ ሻጩ ላይ መጣል ግን ልክ አይደለም። በማስታወቂያ ገንዘብ የሚያገኝ ቻናል ሐሰተኛ ገዢዎችን በስልክ ቁጥራቸው መዝግቦ ማገድ ይችላል። ባንኮችና የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶች ተቀባዩ ብር መግባቱን በቅጽበት የሚያይበትን መንገድ ባሻሻሉ ቁጥር «ኔትወርክ የለም» የሚለው ሰበብ ጉልበቱን ያጣል፤ ዛሬ አጭበርባሪው የሚኖረው በእነሱ መዘግየት ውስጥ ነውና። ገንዘብን በመሐል በአደራ የሚያቆይ አገልግሎት ቻይና ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ካሜራ ለመሸጥ ካገለገለ፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ የሞባይል ገንዘብ ተመዝጋቢ ላለው አገር ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ያ እስኪመጣ ድረስ ሻጩ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር አንድ ነው፤ ይሉኝታው ከሚያሸንፍበት ሰዓት በፊት ሁኔታውን መወሰን። በማስታወቂያው ሥር «ዕቃው የሚረከበው ብሩ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን ራሴ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው፤ ስክሪንሾት አልቀበልም» ተብሎ ከተጻፈ፣ በሩ ላይ «አታምነኝም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ቦታ አይኖረውም። አስቀድሞ የተነገረ ደንብ ማንንም አያስቀይምም፤ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ የጠየቀውን ረዳት ለምን አላመንከኝም የሚለው ሰው የለም። አጭበርባሪው እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ አንብቦ ወደ ሌላው ያልፋል። ሁሉም ሻጭ እንዲህ ሲጽፍ ደግሞ የሚያልፍበት ሌላ ያጣል።